ብሩሽ አልባ ሞተር በደጋ አየር፦ የትንንሽ ድሮኖችን ሞተር መረዳትና ብልሽቱን መለየት

ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ገለጻ በጽሑፍ የተዘጋጀ

የዛሬው ገለጻ ርእስ ከአንድ ጡጫ የማይበልጥ ዕቃ ነው፤ በትንንሽ ድሮኖች ክንድ ጫፍ ላይ የሚታሰረው ብሩሽ አልባ ሞተር። ዕቃው ትንሽ ቢሆንም በውስጡ ኤሌክትሮማግኔቲዝም፣ የአየር ፍሰት ሳይንስ፣ የብረታ ብረት ጥናትና የቁጥጥር ምሕንድስና በአንድ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ለፊዚክስም ለምሕንድስናም ተማሪ ጥሩ መምህር ነው።

ርእሱን ለዚህ አካባቢ ተስማሚ የሚያደርገው ሌላም ምክንያት አለ። የድሮን አምራቾች በመመሪያቸው የሚጽፉት የበረራ ጊዜና የመሸከም ዐቅም በአብዛኛው በባሕር ጠለል አቅራቢያና በለዘብተኛ ሙቀት የተለካ ነው። እኛ ግን ከዘመሮ እስከ መሐል ሜዳ፣ ከዚያም እስከ ጓሳ በተዘረጋው የመንዝ ደጋ ላይ እንሠራለን። ይህ አገር በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ይጀምራል። የተሸረሸረ መሬትን ካርታ ለማንሳት፣ እርከን ለመለካት ወይም የገደል አፋፍን ለማጥናት ድሮን የሚያስነሳ ተማሪ አየሩ ከመመሪያው አየር የተለየ መሆኑን ካላወቀ ጤነኛውን ሞተር የተበላሸ፣ የተበላሸውን ደግሞ ጤነኛ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። በገደል አፋፍ ላይ ይህ ስሕተት ዋጋው ከባድ ነው።

ገለጻው አራት ክፍል አለው። በመጀመሪያ የሞተሩን አሠራር፣ ቀጥሎ የቁጥሮቹን ትርጉም፣ በሦስተኛ ደረጃ የደጋው አየር በሞተሩ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ፣ በመጨረሻም ብልሽትን በሥርዓት የመለየትን ዘዴ እንመለከታለን።

፩. ብሩሽ ለምን ቀረ?

በልጆች መጫወቻ ወይም በአሮጌ ትራፓኖ ውስጥ የሚገኘውን ሞተር የፈታ ሰው ሁለት ትንንሽ የካርቦን ቁራጮችን ያገኛል። ብሩሽ የሚባሉት እነርሱ ናቸው። በዚያ ሞተር ውስጥ የሚሽከረከረው የመዳብ ጥቅል ነው፤ ማግኔቱ ቆሞ ይጠብቃል። ጥቅሉ በዞረ ቁጥር የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ መገልበጥ አለበት፤ አለዚያ ጥቅሉ ከማግኔቱ ጋር ተጣጥሞ ይቆማል። ይህን የመገልበጥ ሥራ የሚሠሩት የካርቦን ብሩሾቹ በሚሽከረከረው የመዳብ ቀለበት ላይ እየተፋተጉ ነው። መፋተጉ ሙቀት፣ ብልጭታና ብናኝ ያመጣል፤ ካርቦኑም ያልቃል።

ብሩሽ አልባው ሞተር ቦታውን አገላበጠው። ጥቅሉ ቆመ፤ ማግኔቱ ዞረ። ጥቅሉ ከቆመ ኤሌክትሪክ በሽቦ በቀጥታ ይደርሰዋልና የሚፋተግ ነገር አያስፈልግም። ነገር ግን የመገልበጡ ሥራ አልቀረም፤ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ተዛወረ። ይህ ሐሳብ በተግባር እንዲውል ኤሌክትሪክን በፍጥነት የሚከፍትና የሚዘጋ ትራንዚስተር መገኘት ነበረበት። ዊልሰንና ትሪኪ የተባሉ መሐንዲሶች በትራንዚስተር መገልበጫ የሚሠራ የቀጥታ ጅረት ሞተርን የሚገልጽ ጽሑፍ ያቀረቡት በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለተኛው እመርታ የማግኔቱ ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጃፓንና በአሜሪካ በተናጠል የተፈለሰፈው የኒዮዲሚየም፣ የብረትና የቦሮን ቅልቅል ማግኔት በትንሽ ክብደት ከፍተኛ ኃይል ሰጠ። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ቀላል የድሮን ሞተር የእነዚህ የሁለቱ ግኝቶች ልጅ ነው።

አሁን ሞተሩን እንክፈተው። በመካከል ከስስ የብረት ንብርብሮች የተሠራ ቋሚ አካል አለ፤ ስታተር ይባላል። በጥርሶቹ ላይ በቫርኒሽ የተሸፈነ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል። በዚህ ላይ እንደ ቆብ የሚደፋው ውጫዊው ደወል በውስጠኛው ግድግዳው ማግኔቶች ተለጥፈውበታል፤ የሚሽከረከረውም እርሱ ነው። ደወሉ በዘንግ ላይ ተቀምጦ በሁለት ኩሽኔታዎች ይዞራል። በማግኔቱና በስታተሩ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር በእጅጉ ያንሳል። ይህን ክፍተት አስታውሱት፤ ብዙ ብልሽት የሚጀምረው እዚያ ነው።

ብዙ የድሮን ሞተሮች 12 ጥርስና 14 ማግኔት አላቸው። ማግኔቶቹ ሰባት ጥንድ ናቸው ማለት ነው። ሞተሩን የሚነዳው የኤሌክትሮኒክ ፍጥነት መቆጣጠሪያ፣ ባለሙያዎች በአጭሩ ኢኤስሲ የሚሉት፣ በሦስት ሽቦዎች አማካይነት ኤሌክትሪኩን በስድስት ደረጃ እያፈራረቀ ይልካል። ለሰባት ጥንድ ማግኔት በአንድ ዙር 42 ጊዜ መቀያየር ያስፈልገዋል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ቢዞር በሰከንድ 100 ዙር ነው፤ ኢኤስሲው በአንዲት ሰከንድ 4,200 ጊዜ ሳይሳሳት ይቀይራል።

ታዲያ መቼ መቀየር እንዳለበት በምን ያውቃል? በብዙዎቹ የድሮን ሞተሮች ውስጥ ማግኔቱ የት እንዳለ የሚነግር መሣሪያ የለም። መልሱ ረቂቅ ነው። በየትኛውም ቅጽበት ከሦስቱ ሽቦዎች ሁለቱ ኤሌክትሪክ ይይዛሉ፤ ሦስተኛው ያርፋል። በሚያርፈው ሽቦ ላይ የሚዞረው ማግኔት ራሱ ጥቂት ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ሞተሩ በዚያች ቅጽበት ጄኔሬተር ነው። ኢኤስሲው ይህን ቮልቴጅ እያደመጠ የማግኔቱን ቦታ ያውቃል። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ውጤት ይከተላል፦ ሞተሩ ቆሞ ሳለ የሚመነጭ ቮልቴጅ የለምና ኢኤስሲው በጅምር ላይ ዕውር ነው። ለዚህ ነው ብዙ ብልሽቶች ሞተሩ በሚነሳበት ጊዜ በመንቀጥቀጥ ራሳቸውን የሚገልጹት።

፪. በሞተሩ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች

በአንድ የተለመደ ሞተር ላይ 2212 እና 920 ኬቪ የሚል ጽሑፍ እናነባለን እንበል። የመጀመሪያው ቁጥር በአብዛኛው የስታተሩን ስፋትና ከፍታ ያመለክታል፤ 22 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 12 ሚሊ ሜትር ከፍታ። ሁለተኛው ቁጥር ብዙ ጊዜ በስሕተት ይተረጎማል። ኬቪ የጉልበት መለኪያ አይደለም፤ ሞተሩ ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር የሚነግር ቁጥር ነው። 920 ኬቪ ሞተር በ10 ቮልት ያለ ፕሮፔለር 9,200 ዙር ገደማ ይዞራል።

የኬቪ ሌላኛው ገጽታ ጠምዛዥ ጉልበት ነው። 9.55 ለኬቪ ሲካፈል ሞተሩ በአንድ አምፔር የሚሰጠውን ጠምዛዥ ጉልበት በኒውተን ሜትር ይሰጠናል። ለ920 ኬቪ ሞተር 0.0104 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ኬቪ ከፍ ባለ ቁጥር ፍጥነት ይገኛል፤ ለተመሳሳይ ጠምዛዥ ጉልበት ግን ብዙ አምፔር ይከፈላል። ሁለት ነገሮችን ጠብቀን እንለፍ፦ ቮልቴጅ የፍጥነት ነው፤ አምፔር የጠምዛዥ ጉልበት ነው። ቀጣዩ ክፍል በሙሉ በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ይቆማል።

፫. የደጋው አየር ምን ይለውጣል?

ፕሮፔለር ድሮኑን የሚያነሳው አየርን ወደ ታች በመግፋት ነው። የማንሻ ጉልበቱ ከአየሩ እፍግታ፣ ከዙሩ ፍጥነት ካሬና ከፕሮፔለሩ ስፋት አራተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። በባሕር ጠለል ላይ በመደበኛ ሁኔታ የአየር እፍግታ 1.225 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 70 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ማለዳው 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ እፍግታው 0.86 ገደማ ይሆናል። ማለትም በመንዝ ደጋ ላይ ፕሮፔለራችን የሚገፋው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶው ብቻ ነው።

ተመሳሳይ ክብደትን ለመያዝ የጎደለውን እፍግታ ፍጥነት መካስ አለበት። ጉልበቱ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ፍጥነቱ በ19 በመቶ ገደማ መጨመር ይኖርበታል። አንድ ምሳሌ በቁጥር እንሥራ። 1.2 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ አራት ባለ 920 ኬቪ ሞተሮች ያሉት፣ በ11.1 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ድሮን እንውሰድ። እያንዳንዱ ሞተር 300 ግራም ይሸከማል። በባሕር ጠለል ላይ ለመንሳፈፍ በደቂቃ 5,000 ዙር የሚበቃው ከሆነ በደጋው ላይ 5,960 ዙር ያስፈልገዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሞተሩ በከፍታ ላይ ብዙ አምፔር ይስባል ብሎ ይገምታል። ለሞተሩ ጥቅል ይህ እውነት አይደለም። ፕሮፔለሩን ለመዞር የሚያስፈልገው ጠምዛዥ ጉልበት ከማንሻ ጉልበቱ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው፤ ክብደቱ ካልተለወጠ ጠምዛዥ ጉልበቱም አይለወጥም። ጠምዛዥ ጉልበት የአምፔር ነውና በጥቅሉ ውስጥ የሚያልፈው አምፔር ያው ነው። የተለወጠው ፍጥነቱ ነው፤ ፍጥነት ደግሞ የቮልቴጅ ነው። በምሳሌያችን ሞተሩ በባሕር ጠለል ላይ ለመንሳፈፍ 6 ቮልት ገደማ ቢጠይቅ በደጋው 7 ቮልት ገደማ ይጠይቃል። ኢኤስሲው ይህን ከፍ ያለ ቮልቴጅ ለማድረስ ከባትሪው ብዙ ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚጨምረው የባትሪው አምፔር ነው። የሚፈጀው ኃይል በ19 በመቶ ያድጋል፤ 15 ደቂቃ የሚበር ድሮን 12 ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ይበራል።

አደጋው ግን ከበረራ ጊዜው ማጠር ይልቅ በመጠባበቂያው ማነስ ላይ ነው። በባሕር ጠለል ላይ ከ11.1 ቮልት ውስጥ 6ቱ ለመንሳፈፍ ሲውሉ 5 ቮልት ለመውጣት፣ ነፋስን ለመቋቋምና ሚዛን ለመጠበቅ ይተርፋል። በደጋው ማለዳ ግን ሁለቱም ጫፎች ይጠባሉ። ከታች ያለው ጠባቂ 6 መሆኑ ቀርቶ 7 ይሆናል። ከላይ ያለው ጣሪያም ይወርዳል፤ የሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ ውስጣዊ ሬዚስታንሱ ስለሚጨምር በጭነት ጊዜ ቮልቴጁ ወደ 10 ሊወርድ ይችላል። 5 ቮልት የነበረው መጠባበቂያ 3 ሆነ ማለት ነው። ከገደል አፋፍ በኩል ድንገተኛ ነፋስ ሲመጣ የበረራ መቆጣጠሪያው ከአንዱ ሞተር ከዚህ በላይ ይጠይቃል፤ ሞተሩ ሊሰጥ አይችልም፤ ድሮኑ ይጋደላል። በዚያች ቅጽበት የተበላሸ ሞተር የለም። ያለቀው ቮልቴጅ ነው።

የማቀዝቀዙም ጉዳይ አለ። ሞተሩን የሚያቀዝቅዘው ፕሮፔለሩ የሚልከው አየር ነው። በሳሳው አየር ውስጥ ነፋሱ ቢፈጥንም በየሰከንዱ የሚያልፈው የአየር ክብደት በ16 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የደጋው ብርድ ይህን በከፊል ይክሳል፤ የረፋድ ፀሐይ በጠነከረ ጊዜ ግን ካሳው ያንሳል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ምርጫ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ፕሮፔለሩን ማስፋት ነው። በምሳሌያችን ስፋቱን በ9 በመቶ ብንጨምር፣ ለምሳሌ ከ9.4 ኢንች ወደ 10.25 ኢንች ገደማ ከፍ ብንል፣ ፍጥነቱን እምብዛም ሳንጨምር እንንሳፈፋለን፤ የሚጨምረውም ኃይል ከ19 በመቶ ወደ 9 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ዋጋው ደግሞ ይህ ነው፦ ጠምዛዥ ጉልበቱ በ9 በመቶ ስለሚያድግ አምፔሩም ያድጋል፤ በመዳቡ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በአምፔር ካሬ ስለሚሄድ በ19 በመቶ ይጨምራል። ሁለተኛው መንገድ በፍጥነት ለመዞር የተዘጋጀ ፕሮፔለርና ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያለው ባትሪ መጠቀም ነው። አምራቾችም ጉዳዩን ያውቁታል፤ ለምሳሌ የዲጄአይ ማትሪስ 300 አርቲኬ በመደበኛ ፕሮፔለሩ እስከ 5,000 ሜትር፣ ለከፍታ በተዘጋጀው ፕሮፔለር ደግሞ እስከ 7,000 ሜትር እንዲበር ተፈቅዶለታል። የሚለወጠው ፕሮፔለሩ እንጂ ሞተሩ አለመሆኑን ልብ በሉ።

ንጽጽሩን ለመጨረስ ወደ ጀማ ሸለቆ እንውረድ። በ1,500 ሜትር ከፍታና በ30 ዲግሪ ሙቀት እፍግታው 0.97 ገደማ ነው። ከመንዝ ደጋ ወደ መርሐቤቴ ቆላ የወረደ ድሮን በ6 በመቶ ገደማ ዝግ ባለ ዙር ይንሳፈፋል፤ መጠባበቂያውም ይሰፋል፤ ሞተሩ ግን በሞቃት አየር ውስጥ ስለሚሠራ በሙቀት በኩል ጥንቃቄ ይጠይቃል። አንድ ድሮን በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሞተር ያለው ይመስላል።

፬. ብልሽትን በሥርዓት መለየት

የመጀመሪያው ሕግ ሌላ ሕግ የለውም፦ ፕሮፔለሮቹ ሳይወልቁ በሥራ ጠረጴዛ ላይ ምንም ሙከራ አይደረግም። በደቂቃ ሺህ ጊዜ የሚዞር ፕሮፔለር ጣት ይቆርጣል።

ሁለተኛው ሕግ ማነጻጸር ነው። አራት ሞተር ያለው ድሮን ለአንዱ ሕመም ሦስት ጤነኛ ምስክር አለው። የአንዱ ሞተር ሙቀት፣ ድምፅ ወይም ቅለት ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ከሦስቱ ሲለይ ግን ይናገራል።

ሦስተኛው ሕግ ማቀያየር ነው። አንድ ሞተር ከተንቀጠቀጠና ካልተነሳ ሞተሩን ከጎረቤቱ ኢኤስሲ ጋር እናገናኘዋለን። ብልሽቱ ሞተሩን ከተከተለ ጥፋቱ የሞተሩ ነው፤ በቦታው ከቀረ የኢኤስሲው ወይም የሽቦው ነው። በዚህ አጋጣሚ ከሦስቱ ሽቦዎች የትኛዎቹም ሁለቱ ቦታ ቢለዋወጡ ሞተሩ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚዞር መዘንጋት የለበትም፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

በእነዚህ ሕጎች ተመርተን ወደ ምልክቶቹ እንሂድ።

ሞተሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም። ይህ በአብዛኛው ከሦስቱ መስመሮች አንዱ መቋረጡን ያመለክታል። በሊድ የተበየደው መጋጠሚያ ይመርመር፤ ሽቦው ከሞተሩ በሚወጣበት ጥግ ላይ ይፈተሽ። የጥቅሉ ሬዚስታንስ ከአንድ ኦም እጅግ ስለሚያንስ ተራ መልቲሜትር በትክክል አይለካውም። የተሻለው ዘዴ ጅረቱ በ1 አምፔር ከተገደበ የኃይል ምንጭ በሁለት ሽቦዎች መካከል ማሳለፍና ቮልቴጁን በሚሊ ቮልት ማንበብ ነው፤ 120 ሚሊ ቮልት ካነበብን ሬዚስታንሱ 0.12 ኦም ነው። ሦስቱም ጥንዶች እኩል መሆን አለባቸው።

ሞተሩ በእጅ ሲዞር ይከብዳል። በመጀመሪያ ሦስቱን ሽቦዎች ከኢኤስሲው እንለያቸውና እርስ በርስ እንዳይነካኩ እናደርጋለን። ሲለያዩ ክብደቱ ከጠፋ በኢኤስሲው ውስጥ ያለ ትራንዚስተር ተቃጥሎ ተገናኝቷል። ክብደቱ ካልጠፋና እንደ ማር የሚጎትት ለስላሳ ክብደት ከሆነ በጥቅሉ ውስጥ የሽቦው ቫርኒሽ ተልጦ ዙሮች ተነካክተዋል። ክብደቱ የሚያንኮራኩር ከሆነ ግን ኩሽኔታ ወይም ቆሻሻ ነው። ጤነኛ ሞተር በእጅ ሲዞር የሚሰማው እኩል በእኩል የሆነ የማግኔት መሳሳብ ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም።

ሽቦው ከብረቱ ጋር ተገናኝቷል። የመልቲሜትሩ አንድ ጫፍ በሞተሩ ሽቦ፣ ሌላው በማሰሪያው ብሎን ላይ ሲያርፍ ድምፅ መሰማት የለበትም። ከተሰማ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ረጅም ብሎን ነው። ሞተሩን ከክንዱ ጋር የሚያስረው ብሎን በአንድ ሚሊ ሜትር ቢረዝም የጥቅሉን ቫርኒሽ ይወጋል። ሞተር ሲቀየር የድሮውን ብሎን በአዲሱ ላይ ሳይለኩ መጠቀም የተለመደ የብልሽት ምንጭ ነው።

አንዱ ሞተር ከሌሎቹ ይልቅ ይሞቃል። ኩሽኔታው ጤነኛ፣ ሬዚስታንሱም እኩል ከሆነ ማግኔቱን እንጠርጥር። ተራው የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ኃይሉ ለዘለቄታው ሊደክም ይችላል። የደከመ ማግኔት አሳሳች ጠባይ አለው፤ ያለ ጭነት ከወንድሞቹ በፍጥነት ይዞራል፤ ጠንክሮ ሳይሆን ተቃራኒ ቮልቴጁ ስላነሰ ነው። በጭነት ጊዜ ግን ለተመሳሳይ ሥራ ብዙ አምፔር ይስባል፤ ስለዚህ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይበልጥ ይደክማል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የሞተሩን ዘንግ በትራፓኖ በታወቀ ፍጥነት እናዙርና በሽቦዎቹ መካከል ያለውን ተለዋዋጭ ቮልቴጅ እንለካ። 920 ኬቪ ሞተር በደቂቃ 1,000 ዙር ሲዞር 0.8 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት። ሦስቱ ጥንዶች እርስ በርሳቸው እኩል ሆነው ከሌሎቹ ሞተሮች ካነሱ ማግኔቱ ደክሟል።

ሞተሩ ይንጫጫል፤ ድሮኑም ይንዘፈዘፋል። እዚህ ላይ የአካባቢያችን አፈር ይናገራል። የመንዝ ደጋ የተሠራው ከጥንት የእሳተ ገሞራ ባሳልት ነው፤ ባሳልት ደግሞ ማግኔታይት የተባለ ብረት ያዘለ ማዕድን በውስጡ ይዟል። አለቱ ሲፈርስ የሚወጣው ብናኝ ከማግኔቱ ጋር ተሳስቦ በጠባቡ ክፍተት ውስጥ ይጣበቃል። ድሮን ከአቧራማ መሬት በተነሳ ቁጥር ፕሮፔለሩ ይህን ብናኝ ወደ ራሱ ያነሳል። መከላከያው ውድ አይደለም፤ ድሮኑን ከሰሌን ወይም ከሳንቃ ላይ ማስነሳት ነው። የገባውን ብናኝ በአየር ማስወጣት አይበቃም፤ ማግኔቱ አይለቀውምና። ደወሉ ከተፈታ በኋላ በሚያጣብቅ ፕላስተር ደጋግሞ መንካት ይሻላል። የብረት ስለት መጠቀም ማግኔቱን ይፍቃል። ጉምና ጤዛ ደግሞ ኩሽኔታውን ያዝጋሉ፤ ኩሽኔታ ግን ከሞተሩ ተለይቶ የሚቀየር ርካሽ ዕቃ ነው።

ሞተሩ በአየር ላይ ሳለ በቅጽበት ይቆማል፤ መሬት ላይ ሲፈተሽ ጤነኛ ነው። ይህ ኢኤስሲው የማግኔቱን ቦታ ሲስት የሚፈጠር ነው። የፍጥነት ትእዛዙ በድንገት ሲያሻቅብ፣ ፕሮፔለሩ ለሞተሩ ከመጠን በላይ ሲከብድ ወይም ቮልቴጁ ሲወርድ ይከሰታል። ለደጋው ብለን ፕሮፔለሩን ስናሰፋ ይህን አደጋ እያቀረብነው ስለሆነ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ በዝቅተኛ ከፍታ መፈተን ግዴታ ነው።

በመጨረሻ የበረራ መዝገቡን እናንብብ። ብዙ የበረራ መቆጣጠሪያዎች ለእያንዳንዱ ሞተር የላኩትን ትእዛዝ ይመዘግባሉ። ድሮኑ በጸጥታ ሲንሳፈፍ አራቱ ትእዛዞች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አራቱም በእኩል ከፍ ካሉ ምክንያቱ ክብደት ወይም የአየሩ መሳሳት ነው፤ ሞተር አትክሰሱ። አንዱ ብቻ ከፍ ካለ ያ ሞተር ወይም ፕሮፔለሩ ደክሟል፤ ወይም ባትሪው ወደዚያ አጋድሏል፤ ባትሪውን አንቀሳቅሶ መልሶ መብረር ሁለቱን ይለያል። በሰያፍ ትይዩ የሆኑት ሁለቱ ከፍ ብለው ሌሎቹ ሁለቱ ዝቅ ካሉ አንዱ ሞተር ተጣሞ ታስሯል ወይም ክንዱ ተጣሟል። ይህ ሰንጠረዥ የደጋውን አየር ከእውነተኛው ብልሽት ለመለየት ካሉን መሣሪያዎች ሁሉ ይበልጣል።

ከተሳታፊዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በማለዳ ብርድ ሲበር ባትሪው ቶሎ ይወድቃል። ሞተሩን ሳንነካ ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ ባትሪውን እስከ መነሻው ሰዓት ድረስ ሙቀት ውስጥ ማቆየት ነው፤ ከጋቢ ሥር ከሰውነት ጋር መያዝ ይበቃል። ከተነሳችሁ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል በዝቅተኛ ከፍታ ተንሳፈፉ፤ ባትሪው በራሱ ሥራ ይሞቃል። የመመለሻውን ቮልቴጅም በቆላ ከለመዳችሁት ከፍ አድርጉ፤ ቀደም ብሎ መመለስ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የተቃጠለ ሞተርን እዚሁ እንደገና መጠቅለል ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ትልልቅ ሞተሮችን የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች በየከተማው አሉ፤ መርሁ አንድ ነው። የድሮን ሞተር ግን ጥርሱ ጠባብ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። የዙሩ ብዛት፣ የሽቦው ውፍረትና የአጠቃለሉ ቅደም ተከተል ከመፈታቱ በፊት በሥዕል መመዝገብ አለበት። ዙሩ ከተቀነሰ ኬቪ ያድጋል፤ ከሌሎቹ ሦስት ጋር አይስማማም። ለተማሪ እጅግ ጥሩ ልምምድ ነው፤ ለገደል አፋፍ በረራ ግን በሥራ ጠረጴዛ ላይ ተፈትኖ እኩልነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ አልመክረውም።

ጥያቄ፦ በጓሳ ጭላዳን ወይም ቀይ ቀበሮን በድሮን ማጥናት ይገባል?

መልስ፦ ሁለት ነገር አስቀድሙ። አንደኛው ፈቃድ ነው። በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ነዋሪው ነው። በዚህ ዘመን በክልላችን የድሮን ድምፅ ለብዙ ሰው የፍርሃት ድምፅ ነው፤ ማንም ሳይነገረው ከራሱ በላይ ሊሰማው አይገባም። የጓሳ ሕዝብ ቀሮ በተባለው ሥርዓቱ ያን ሣርና ያን ምድር ለዘመናት ጠብቆ አቆይቷል፤ ሽማግሌዎቹን ሳይጠይቁ መብረር የጥናት ሥነ ምግባርንም ይጥሳል። ከዚያ በኋላ የሞተሩ ጉዳይ ይመጣል፦ በቀጭን አየር በፍጥነት የሚዞር ፕሮፔለር ድምፁም ይበረታል። ሰፊና ዝግ ብሎ የሚዞር ፕሮፔለር ባትሪ ብቻ ሳይሆን የእንስሳውንም ሰላም ይቆጥባል።

የሥራ ጠረጴዛው በቀጣዩ ክፍል ተዘጋጅቷል፤ አራት ሞተሮች አሉ፤ አንደኛው ማግኔቱ የደከመ ነው። ትራፓኖና መልቲሜትር ይዛችሁ የትኛው እንደሆነ ለዩልን።